ጠጠር ፍለጋ፦ ከሽቱትጋርት እስከ ሊንዝ

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ካርቶን ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት ስንቀይር፣ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ካርቶን ሥር 14 ፍሎፒ አገኘሁ። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ፒያሳ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠራኋቸው ፖስተሮችና የሰርግ ካርዶች ናቸው። ማንበቢያ ገዝቼ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አሥራ አንዱ ጭራሽ አልነሳም አሉ። ሦስቱ ተከፈቱ፤ ግን ፊደሉ የለም። ያኔ የምንጠቀምባቸው የአማርኛ ፎንቶች የኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በለመድነው ቀጠልን። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። የሙሽሮቹ ስም በነበረበት ቦታ የላቲን ፊደልና ቅንፍ ተደርድሮ ጠበቀኝ።

በጣም ከፋኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ሥራዬ እንዲህ ከሆነ፣ ከኔ አርባ ዓመት ቀድመው በኮምፒውተር የሳሉት ሰዎች ሥራ የት ደረሰ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ተነሳሁ። ይህን ከደብተሬ የገለበጥኩት አሁን ነው። የጉዞው ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የታሪኩ ዓመቶች ግን በፈረንጆቹ።

ነሐሴ 29፣ 2011 — ሽቱትጋርት

ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባቡር ጣቢያው እየተቆፈረ ነው። ጉድጓዱን ዞሮ ለመውጣት ብቻ ብዙ ያስኬዳል። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመሀል ከተማ ግቢ በእግር ሄድኩ። ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ሣር፣ ብስክሌት የሚገፉ ተማሪዎች። ያኔ ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይባል ነበር። ፍልስፍና የሚያስተምረው ማክስ ቤንዘ እዚህ አንዲት ትንሽ ጋለሪ ነበረችው። እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 1965 በዚያች ጋለሪ በኮምፒውተር የተሠሩ ሥዕሎች ለሕዝብ ታዩ። በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ እንዲህ ካሉ ኤግዚቢሽኖች አንዱ ነው። በኒውዮርክ የማይክል ኖልና የቤላ ዩሌስ የኮምፒውተር ሥራዎች የታዩት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የሥዕሎቹ ባለቤት ጌኦርግ ኔስ ይባላል። ሠዓሊ አይደለም፤ ኤርላንገን ከተማ ሲመንስ ውስጥ የሚሠራ የሂሳብ ሰው ነው። ስክሪን የሚባል ነገር አልነበረውም። ፕሮግራሙን አልጎል በሚባል ቋንቋ ይጽፋል። ማሽኑ ሥሌቱን በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ያወጣል። ጥብጣቡ ደግሞ ግራፎማት ዜድ 64 ለተባለ የሥዕል ማሽን ይሰጣል። ይህን ማሽን የሠራው የኮንራድ ሱዘ ኩባንያ ነው። ሰፊ ጠረጴዛ ነው፤ ላዩ ላይ ብዕር ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ብዕሩ እስኪጨርስ ድረስ ኔስ ራሱ ምን እንደሚወጣ አያየውም።

በመክፈቻው ቀን የመጡት ሠዓሊዎች ተቆጡ። ቦታው የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፍሪደር ናከ ሲተርከው፣ አንዱ ሠዓሊ ኔስን፦ «ማሽንህ የኔን አሳሳል መሥራት ይችላል ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ኔስም፦ «ይችላል። መጀመሪያ ግን አንተ እንዴት እንደምትስል በትክክል ልትነግረኝ ይገባል» አለው። ቤንዘ ነገሩን ለማብረድ «ይህ ሰው ሠራሽ ጥበብ ነው» ማለቱም ይነገራል።

ይህን መልስ ይዤ ግቢው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ እንዴት እንደምስል መናገር እችላለሁ? ማተሚያ ቤት ሳለሁ አለቃችን «ይሄን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ አየር ስጠው» ይለኝ ነበር። «ትንሽ» ስንት ነው? አየርስ በስንት ሚሊሜትር ይለካል? እጄ ያውቀው ነበር፤ አፌ ግን አያውቀውም።

ስለ ጋለሪዋ የሚናገር ምልክት ፈልጌ አላገኘሁም። ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ ነጭ ኪዩብ ነው። ውስጡም ነጭ፣ ደረጃው ነጭ፣ ከለር ያለው መጽሐፉና ሰው ላይ ብቻ ነው። እዚያ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ገልጬ «ሾተር»ን አገኘሁት። ጠጠር ማለት ነው። ኔስ በ1968 አካባቢ የሠራው ነው።

ቀረብ ብዬ አየሁት። በአግድም 12 ካሬ፣ ወደ ታች 22 ረድፍ። በጠቅላላው 264 ካሬ። የመጀመሪያው ረድፍ እንደ አዲስ የተነጠፈ ሴራሚክ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ አንዱ ካሬ በትንሹ ዘመም ይላል። አሥረኛው ላይ ጎረቤቱን ይረግጣል። ታች ስትደርስ ሁሉም ተበታትኗል፤ ከመኪና ላይ የተገለበጠ ጠጠር ነው። ሕጉ ቀላል ነው። ካሬ ሳል፤ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር እጣው ከቦታውና ከአቅጣጫው የበለጠ እንዲያናውጠው ፍቀድለት። እጣውን የሚያወጣው ማሽኑ ነው። እጣው ምን ያህል ይፈቀድለት የሚለውን ግን ሰውዬው ነው የወሰነው። ለኔ ጥበቡ ያለው እዚያ ውሳኔ ላይ ነው።

ያን ገጽ ሳይ እንቁጣጣሽ ትዝ አለኝ። ምክንያቱን ኋላ እጽፈዋለሁ።

ናከም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። በዚያው በ1965 ኅዳር ወር ከኔስ ጋር ሽቱትጋርት ውስጥ ሥዕሎቹን አሳየ። ለሠዓሊው ፓውል ክሌ መታሰቢያ የሠራው የመስመር ሥዕል ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በ1971 ግን ይኸው ሰው «የኮምፒውተር ጥበብ መኖር የለበትም» ብሎ ጻፈ። ለሥዕል ገበያው አዲስ ዕቃ ማቅረቢያ ብቻ እንዳይሆን ነበር ስጋቱ። ይህን ሰው ወደድኩት። የራሱን ሥራ እንዲህ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

ነሐሴ 30 — ካርልስሩኤ

ያደርኩት አብሮ አደጌ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽሮ ሠርታ፣ ቡናውን እስከ በረካ አፍልታ ነው የሸኘችን። የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ የ11 ዓመት ልጃቸው «ጋሼ፣ እኔም እሄዳለሁ» አለች። አብራኝ ሄደች። ደግ አደረገች።

የምንሄደው ዜድ ካ ኤም ወደሚባለው የጥበብና የሚዲያ ማዕከል ነው። በ1989 ተመሠረተ፤ አሁን ወዳለበት ሕንፃ የገባው በ1997 ነው። ሕንፃው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ የጦር መሣሪያና የጥይት ፋብሪካ ነበር። ርዝመቱ 312 ሜትር ነው። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ሰዎችን በግዳጅ እያመጡ ያሠሩበት ነበር። አሥር ትልልቅ የብርሃን አደባባዮች በውስጡ አሉ። ጣሪያው መስታወት ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል።

ልጅቷን ቀጥታ ወደ ብስክሌቱ ወሰድኳት። ጄፍሪ ሾው ከ1989 እስከ 1991 የሠራው ነው፤ «የሚነበብ ከተማ» ልንለው እንችላለን። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አንድ የቆመ ብስክሌት አለ፤ ፊት ለፊቱ ትልቅ ስክሪን። ፔዳሉን ስትመታ ከተማ ውስጥ ትሄዳለህ፤ መሪውን ስታዞር ትታጠፋለህ። ግን ቤት የለም። በቤቶቹ ፈንታ የቆሙት ፊደላት ናቸው። እያንዳንዱ መንገድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማንሃተን አለ፣ አምስተርዳም አለ፣ ካርልስሩኤም አለ። የአምስተርዳምና የካርልስሩኤ ፊደላት ቁመታቸው በቦታቸው ባሉት እውነተኛ ሕንፃዎች ልክ ነው።

ልጅቷ የራሷን ከተማ መረጠች። እግሯ ፔዳሉን ለጥቂት ነው የሚደርሰው፤ ብድግ ብላ ነበር የምትመታው። ካርልስሩኤ እንደ ማራገቢያ ነች፤ መንገዶቹ ከቤተ መንግሥቱ ተነስተው ይዘረጋሉ። ከመሪው ፊት ባለች ትንሽ ስክሪን ካርታው ይታያል። ልጅቷ ካርታውን አየችና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው አይስክሬም የምንገዛው!» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስትፈጥን ቃላቱ ይቀላቀሉባታል፤ ስታቆም ፊደሉ እንደ ፎቅ ከፊቷ ተገትሯል። አንዴ በሁለት ፊደላት መሀል ሰንጥቃ አለፈችና ሌላ ታሪክ ውስጥ ገባች። ግማሽ ሰዓት ያህል አልወርድም አለች። ከኋላዋ የቆሙ ሁለት አዛውንት ዝም ብለው ጠበቋት።

አስቡት፤ ይህ የተሠራው ጉግል ካርታ ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

ሌላው ልቤን የወሰደው የክሪስታ ዞመረርና የሎራን ሚኞኖ ሥራ ነው፤ በ1992 የተሠራ። ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሱት ማሰሮ ውስጥ የተተከሉ እውነተኛ ተክሎች ናቸው። ሰው እጁን ወደ ቅጠሉ ሲያስጠጋ በሰውየውና በተክሉ መሀል ያለውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ኮምፒውተሩ ይለካዋል። በለካው መጠን ስክሪኑ ላይ ሌላ ተክል ያድጋል። ማውዝ የለ፣ ቁልፍ የለ። ተክል እንዲያድግ ተክል ትዳስሳለህ።

ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ እዚያ ለምትሠራ አንዲት ባለሙያ አነሳሁላት። ስለ ፍሎፒዎቼም ነገርኳት። አላፌዘችም። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ብስክሌቱ መጀመሪያ የሚሠራው በሲሊከን ግራፊክስ ኮምፒውተር ነበር። ያ ኩባንያ በ2009 ከስሯል። የድሮ ሥራዎች የሚፈልጉትን ወፍራም የመስታወት ቴሌቪዥንም ዛሬ እንደ ቀድሞው የሚያመርተው የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሙዚየም ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ አሮጌውን ማሽን ከነመለዋወጫው እያጠራቀመ ያስታምማል፤ አንዱ ሲሞት ከሌላው ዕቃ እየነቀለ ይተክላል። ወይ ፕሮግራሙን በአዲስ ማሽን ላይ እንደገና ይጽፈዋል። የመጀመሪያው አንድ ቀን ያልቃል። ሁለተኛው ደግሞ ሥራውን ይለውጠዋል፤ አዲሱ ማሽን ፈጣን ነውና እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ያ የድሮው መንቀጥቀጥ ይጠፋል። መንቀጥቀጡ የሥራው አካል ነበር ወይስ የማሽኑ ድክመት? «ሠዓሊው በሕይወት እያለ ጠይቁ» አለችኝ። «ከሁሉ በላይ ግን ሥራው ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ላይ ይጻፍ።»

ከደብተሬ ላይ ይህቺን ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ።

ጳጉሜን 1 — ባቡር ላይ

ከካርልስሩኤ እስከ ኦስትሪያዋ ሊንዝ ስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ኡልም፣ ሙኒክ፣ ሳልዝቡርግ። ኡልም ላይ፣ በዚያን ጊዜ ከዓለም ረጅሙ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ግንብ በመስኮት ይታያል። ቤንዘ በ1950ዎቹ እዚሁ ኡልም በነበረው የዲዛይን ትምህርት ቤት አስተምሯል።

ቀኑን ሙሉ የቬራ ሞልናርን ሥዕሎች ስልኬ ላይ ሳገላብጥ ነው የዋልኩት። በ1924 ቡዳፔስት ተወለደች፤ በ1947 ፓሪስ ገባች። ከ1959 ጀምሮ «ምናባዊ ማሽን» የምትለው አሠራር ነበራት። ኮምፒውተር የላትም። ሕግ ታወጣና ሕጉን እንደ ማሽን ሳታዛባ በእጇ ትፈጽመዋለች። በ1968 ፓሪስ ሶርቦን ያለውን ኮምፒውተር እንድትጠቀም ሲፈቀድላት፣ ማሽኑ ያገኘው ለዓመታት ተዘጋጅታ የጠበቀችውን ሴት ነው። ሥርዓት ባለው ሥዕል ውስጥ አንድ በመቶ ረብሻ መክተት ትወድ ነበር። እኔ ባቡሩ ላይ ስጽፍ የ95 ዓመት ሰው ነበረች። በታኅሣሥ 2023፣ መቶ ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት አረፈች።

እንቁጣጣሽን ያስታወሰኝ ነገር እዚህ ጋ ገባኝ። ልጆች ሳለን ጳጉሜን 1 ሲብት ከወንድሜ ጋር የእንቁጣጣሽ ሥዕል እንጀምር ነበር። አምስት ቀን፣ ከሃምሳ በላይ ወረቀት። ስለዚህ ሕግ አወጣን። እኔ በሳንቲም ክብ አዞራለሁ። በክቡ ዙሪያ ስምንት ቅጠል። ከታች ግንድ፣ ሁለት ቅጠል፣ «እንኳን አደረሳችሁ»። ወንድሜ ቢጫውን ይቀባል። ሃምሳውም አንድ ሕግ ነው፤ ሃምሳውም ግን ይለያያል፤ እጅ ይደክማል፣ ከለር ያልቃል፣ ወረቀት ይንሸራተታል። ጎረቤታችን እማማ ስሙኒያቸውን ይዘው ወረቀቶቹን ሁሉ ካገላበጡ በኋላ ሁልጊዜ ዘንበል ያለውን ነበር የሚመርጡት። «ይቺ ንፋስ የነካት ትሻለኛለች» ይሉን ነበር።

ጳጉሜን 2 — ሊንዝ

ሊንዝ የብረታ ብረት ከተማ ናት፤ ዳኑብ ወንዝ መሀሏን ያቋርጣል። አርስ ኤሌክትሮኒካ የሚባለው የጥበብና የቴክኖሎጂ ፌስቲቫል እዚህ የተጀመረው መስከረም 18 ቀን 1979 ነው። እኔ የደረስኩት በ40ኛ ዓመቱ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የሆነውን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። የሙዚቃ ደራሲው ብሩክነር የዚህ አገር ሰው ነው፤ በሊንዝ ካቴድራል ኦርጋን ይጫወት ነበር። ስምንተኛ ሲምፎኒውን በወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ በድምፅ ማጉያ ለቀቁት። የከተማው ሰው ደግሞ ሬዲዮኑን በመስኮቱ ላይ አስቀምጦ ያንኑ ሙዚቃ ከፈተ። 100,000 ያህል ሰው ወጣ። በብረት ፋብሪካ ጭስ የምትታወቅ ከተማ ከዚያ ምሽት በኋላ ሌላ ስም አገኘች። መናፈሻው ውስጥ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያን መስኮት ሁሉ ለማሰብ ሞከርኩ።

ዋናው ዝግጅት ያለው ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ድሮ ፖስታ ሲከፋፈልበት በነበረ ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጥቅሎች ተንሸራትተው ይወርዱባቸው የነበሩት ጠመዝማዛ መውረጃዎች እንዳሉ ናቸው። ሰው ተጨናንቋል። በ1987 እዚህ በተሰጠው የመጀመሪያው የኮምፒውተር አኒሜሽን ሽልማት ያሸነፈው ጆን ላሰተር ነው፤ ስለ አንዲት ትንሽ የጠረጴዛ መብራት በሠራው የሁለት ደቂቃ ፊልም። ዛሬ ልጆቻችን የሚያዩት የካርቱን ፊልም ሁሉ ከዚያች መብራት ጋር ይዛመዳል።

እኔ በሄድኩበት ዓመት የሁሉም ወሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። በ2018 ጥቅምት ክሪስቲስ የጨረታ ቤት ኒውዮርክ ውስጥ በማሽን የተሠራ የአንድ ሰውዬ ምስል በ432,500 ዶላር ሸጦ ነበር። ይሸጣል ተብሎ የተገመተው ከ7,000 እስከ 10,000 ነበር። የሸጡት ሦስት ፈረንሳውያን ወጣቶች ናቸው። የተጠቀሙበት ኮድ በአብዛኛው የሌላ ወጣት ፕሮግራም አድራጊ ሥራ በመሆኑ ክርክር ተነሳ። ማን ነው ሠዓሊው? አብሮኝ ቡና የጠጣ አንድ ተማሪ «ማሽኑ ነው» አለኝ። አልተስማማሁም። ማሽኑ የበላው በሺህ የሚቆጠር የድሮ ሠዓሊ ሥራ ነው። የነዚያ ሰዎች እጅ አለበት። የመረጠው ሰው ዓይን አለበት። ኔስ 264 ካሬ ሲያወጣ ሕጉን ከፍተን ማንበብ እንችላለን። የዚህኛውን ሕግ ግን ማንም ከፍቶ ሊያነበው አይችልም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይህን ልዩነት አቅልለው ሲያወሩ ያናድደኛል።

ጳጉሜን 3 — ሊንዝ

ሩፋኤል ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። በልጅነታችን የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ልብሳችንን አውልቀን እንወጣ ነበር። ጃንጥላዬን አጥፌ ድልድዩን ተሻገርኩ።

በወንዙ ማዶ የፌስቲቫሉ ሙዚየም አለ። ሲመሽ የመስታወት ግድግዳው በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን አምፖሎች ይበራል። ቀለሙ ወንዙ ላይ ይወርዳል፤ ዝናቡ ይሰባብረዋል። ካርልስሩኤ ያየሁትን የተክሎች ሥራ የሠሩት ዞመረርና ሚኞኖም ዛሬ በዚሁ ከተማ የጥበብ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ሌላ ብዙ አየሁ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። የማታው ባቡር ደርሷል።

ጳጉሜን 6 — ፍራንክፈርት

ነገ ዘመን መለወጫ ነው። እራት ከበላን በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የወንድሜንና የኔን ሕግ በፕሮግራም ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ክቡ ቀላል ነው። ስምንቱ ቅጠልም ቀላል ነው። የከበደኝ ንፋሱ ነው። እጣውን ስጨምረው አበባው ይፈርሳል፤ ስቀንሰው የፋብሪካ ማኅተም ይመስላል። «ትንሽ» ስንት ነው? ስምንት ዲግሪ ላይ ቆምኩ። እማማ ቢያዩት የሚወዱት እሱን ይመስለኛል።

24 አበባ አተምኩ። ባለቤቴ አንድ በአንድ አገላብጣ አንዱን መዘዘች፤ ሁለት ቅጠሉ የተደራረበውን። አንዱን ካርልስሩኤ ላለችው ልጅ በፖስታ ልልክላት ለየሁት።

ከዚያ እስክሪብቶ አንስቼ በያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ በእጄ ጻፍኩ፦ «ክብ ሳል። በዙሪያው ስምንት ቅጠል ሳል። እያንዳንዱን ቅጠል ከቦታው እስከ ስምንት ዲግሪ ድረስ ንፋስ ይንካው። ቢጫ ቀባው።» አንዱን ወረቀት አጥፌ ካርቶኑ ውስጥ፣ ከአሥራ አራቱ ፍሎፒዎች አጠገብ አስቀመጥኩት።